ሁለት ቅጽ ለአንዲት ርሆቦት

የማህበራችን የትምህርት ቅናሽ የመጣው ከአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ሰውየው የዘጌን ገዳማት ለማየት ጀልባ ተከራየ፤ የሚነዳው ሊቀመንበራችን ኃይለ ገብርኤል ነበር። አስጎብኚው እንደሚለው ሰውየው ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ አንድ ወፍ ቀና ብሎ አላየም። የሚያወራው ስለ ግብር ነው። በአገሩ ልጁን ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው ግብር ይቀነስለታል፤ ልጁ ግን በእሱ ሥር የሚተዳደር ጥገኛ መሆን አለበት። ሰውየው ከሚስቱ ተፋትቷል። እሱም «ልጅቷ የእኔ ጥገኛ ናት» ብሎ ሞላ፣ ሚስቱም «የእኔ ናት» ብላ ሞላች፣ መንግሥትም ሁለቱንም ወረቀት አምጡ ብሎ ያዛቸው። ሲመለሱ ኃይለ ገብርኤል በአስጎብኚው በኩል «ሥዕሎቹ እንዴት ነበሩ?» ብሎ አስጠየቀው። «ጥሩ ናቸው» አለና ወደ ሚስቱ ወረቀት ተመለሰ።

ኃይለ ገብርኤል ከዚያ ቀን በፊት ከቱሪስት ጉርሻ እንጂ ሐሳብ ተቀብሎ አያውቅም። ይቺን ግን ያዛት። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሣና አስረዳ። የጀልባ ባለቤቶች ነን፤ ከየጉዞው ለማህበሩ መዋጮ እንከፍላለን። ከእንግዲህ በሥሩ የኮሌጅ ተማሪ ያለው አባል የዓመት መዋጮው ወደ ማህበሩ መግባቱ ይቀርና፣ በማህበሩ ደብዳቤ ለተማሪው ኮሌጅ ይከፈልለታል። ተጨበጨበ። እኔ ጸሐፊው ነኝና መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ጨመርሁት። አንቀጽ ስድስት፦ አንድ ተማሪ በሁለት አባላት ስም ከቀረበ የሁለቱም ይሰረዛል። ይችን ያስገባናት ለአሜሪካዊው አዝነን ነው። አንቀጽ ሰባት ቀድሞም ነበረ፦ አባትና ልጅ ሁለቱም አባል ከሆኑ እንደ አንድ አባል ይቆጠራሉ። እሱ የገባው አዘዘ የሚባል ሽማግሌ አባላችንና ልጁ በአንድ ጀልባ ሁለት ድምፅ እየሰጡ ስላስቸገሩን ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንቀጽ ስድስትን የነካ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ተነካ። የነካሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምሐ የሚባል አባል አለን፤ መነኮሳትንና እህላቸውን ወደ ደሴቶቹ ያመላልሳል። ሞተሩ ካልተናገረ እሱ አይናገርም። ቁንዝላ ያለች እህቱ ባሏ ሲሞትባት ልጇን ርሆቦትን በጀልባ አምጥቶ ባሕር ዳር ኮሌጅ ያስገባት እሱ ነው፤ ፋርማሲ ታጠናለች። ያን ጊዜ አምሐ ከአራት ልጆቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበርና፣ ለአንድ ሳምንት ብሎ ጋሽ አብዱልከሪም ግቢ አስቀመጣት። ጋሽ አብዱልከሪም ጀልባ ይሠራሉ፤ የራሳቸውም ሁለት ጀልባ አላቸው። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል፤ ቤቱ ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ለእትዬ ሀጂራ ሰፍቷል። ያቺ አንድ ሳምንት ሦስት ዓመት ሆናት።

ቅዳሜ አምሐ እኔ የምሠራበት ቲኬት ቤት በር ላይ መጥቶ ቆመ። ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«ገድሉ፣ ያን የትምህርት ቅጽ ሙላልኝ። ለጋሽ አብዱልከሪም ግን እንዳትነግር።»

«ምነው?»

«ሦስት ዓመት አስቀመጧት። ለምግቧ ብዬ ብሰጥ አልተቀበሉኝም፤ ጤፍ ባመጣ ለጎረቤት ሰጡት። የመጨረሻ ዓመቷን እንኳ እኔ ልክፈል። ካወቁ ቀድመው ይከፍሉብኛል።»

ሞላሁለት። አልናገርም ብዬም ማልሁለት።

ሰኞ ጋሽ አብዱልከሪም መጡ። መጋዝ በእጃቸው ነበር፤ ሲያወሩ ያወዛውዙታል።

«ገድሉ ልጄ፣ ለርሆቦት ያን ቅጽ ሙላልኝ። አምሐ ግን ጆሮው እንዳይገባ።»

«ምነው ጋሼ?»

«ኩሩ ነዋ! ከሰማ ልጅቷን ከነፍራሿ ተሸክሞ ይወስድብኛል። ሀጂራ ደግሞ ልጅቷ ከሌለች ከእኔ ጋር አታወራም። ምን ልሁን?»

ለእሳቸውም ሞላሁ። ለእሳቸውም ማልሁ። እኔ ምስጢር የሚቀመጥብኝ ሰው ነኝ፤ ሁለቱንም ጠበቅሁ። መዝገቡ ላይ ተራ ቁጥር አሥራ አንድና አሥራ ሁለት አድርጌ አሰፈርኋቸው። አንቀጽ ስድስትን የጻፍሁት እኔ መሆኔ እውነት ነው። ያነበብሁት ግን ረቡዕ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ኃይለ ገብርኤል ማህተሙን ይዞ ደብዳቤ ሊያትም ተቀመጠ። አሥራ አንድ ላይ አተመ። አሥራ ሁለትን አየ። ወደ አሥራ አንድ ተመለሰ። ማህተሙን ክዳኑን ገጠመ።

«ገድሉ።»

«አቤት።»

«ርሆቦት ስንት ናት?»

«አንድ።»

«እንግዲያው ጥራቸው።»

በአምስት ሰዓት ሁላችንም ወደቡ ዳር ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። እኔ ከነመዝገቤ፣ ኃይለ ገብርኤል ከነማህተሙ፣ አምሐ ከነቆቡ፣ ጋሽ አብዱልከሪም ከነመጋዛቸው። እትዬ ሀጂራ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ርሆቦት ከኮሌጅ በሩጫ ደረሰች፤ ላብ አጥምቋታል።

«ጋሼ ገድሉ፣ ደብዳቤው የታለ? ምዝገባ ዛሬ ነው የሚዘጋው። ገንዘብ ቤቱ አሥር ተኩል ይዘጋል። ዛሬ ካለፈኝ ዓመቱ አለፈኝ፣ የመውጫ ፈተናውም አለፈኝ።»

«ደብዳቤውማ ሁለት ነው» አልሁ።

«ሁለት? እሰይ!»

«እሰይ አይደለም» አለ ኃይለ ገብርኤልና አንቀጽ ስድስትን ጮክ ብሎ አነበበ።

አምሐ ወደ ጋሽ አብዱልከሪም ዞረ። ጋሽ አብዱልከሪም ወደ አምሐ ዞሩ። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሐይቁን አየሁ፤ ጉማሬ ብቅ ያለ መስሎኝ ነበር።

«ችግር የለም» አለ ኃይለ ገብርኤል፣ ችግር መኖሩን በሚያሳይ ድምፅ። «የማን ጥገኛ እንደሆነች እናጣራለን። የሚያሳድር፣ የሚያበላ፣ የሚያለብስ ማን ነው? ማስረጃ አቅርቡ። አምሐ፣ ቀጥል።»

አምሐ በሕይወቱ እንዲህ ረጅም ንግግር ሲያደርግ አልሰማሁም። «ፍራሹን የገዛሁ እኔ ነኝ። ጫማ በየዓመቱ ነው፤ እግሯ ጫማ አይበረክትለትም። ስልኳ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሌላ የገዛሁ እኔ ነኝ። ደግሞም ገባ።»

«አጎቴ!» አለች ርሆቦት።

«የገባውን ነው የምናገር።»

ጋሽ አብዱልከሪም መጋዙን አስቀመጡ። «ፍራሽ አንድ ቀን ይገዛል፤ ልጅ በየቀኑ ነው የምትበላ። መብራቷ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ የመድኃኒት ስም ጮክ ብላ ታነባለች። እኔ ራሴ እኮ ፓራሲታሞል የምሠራ ሆኛለሁ በመስማት ብቻ። ጠዋት ደግሞ አትነሣም።»

«ጠዋት ቲማቲም በእንቁላል ካልቀረበላት አትነሣም» አሉ እትዬ ሀጂራ፣ ባላቸውን ለማገዝ። «ሚጥሚጣው በዛ ትላለች፣ አነሰ ትላለች። ሦስት እንጀራ ትበላለች።»

«እማማ! ሦስት?»

«ፈተና ሲደርስ አራት።»

ዋርካው ሥር የነበሩ ዓሣ ሻጮች ሚዛናቸውን ትተው ቀርበው ነበርና ሳቁ። ርሆቦት መሃረቧን አውልቃ ፊቷን ሸፈነች። «በቃ፣ ራሴን እችላለሁ ብላችሁ ጻፉልኝ። ያበደ ስብሰባ ነው ይሄ። የመጣሁት ልመዘገብ ነው፤ ስንት እንጀራ እንደምበላ ልሰማ አይደለም።»

«ራስሽን ከቻልሽ ደግሞ የትኛውም አይከፈልም» አልሁ። ደንቡን ያን ቀን በደንብ አንብቤው ነበር።

ኃይለ ገብርኤል ሰዓቱን አየ፤ ፊቱ ለስለስ አለ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ማህተም ሲይዝ ነው የሚጠነክር። «እሺ ስሙኝ። በዚህ መዝገብ ያለውን እኔ በአንድ ቃል አስተካክለዋለሁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ‹ልጄ አይደለችም› ይበልና ይውጣ። ስሙን እሰርዛለሁ፣ የሌላውን አትማለሁ፣ ርሆቦት ትመዘገባለች። አንድ ቃል ነው። ማን ይላል?»

አምሐ ቆቡን አወለቀ። አፉን ከፈተ። ርሆቦት መሃረቧን ከዓይኗ ዝቅ አድርጋ አየችው። አፉን ዘጋ።

ጋሽ አብዱልከሪም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁላችንም ጠበቅን። «እኔ…» አሉ። «እኔ ትናንት የጀልባዬን ሙጫ አልጨረስሁም» አሉና ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ አንድ ቃል!» አለ ኃይለ ገብርኤል። «ለወረቀት ነው። እውነት አይደለም እኮ!»

«እውነት ካልሆነ ለምን እላለሁ?»

«አምሐ?»

«እህቴ ከቁንዝላ በጀልባ ስትሸኛት አደራ ብላኛለች። አሁን ልጅቷ ፊት፣ ይህ ሁሉ ዓሣ ሻጭ ፊት ‹ልጄ አይደለችም› ልበል?»

ዓሣ ሻጮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። ማንም ድምፅ አልሰጣቸውም ነበር።

ርሆቦት ማልቀስ ጀመረች። መጀመሪያ ያለቀባት ሰዓት ያስለቀሳት መስሎኝ ነበር፤ ግን እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «እኔ ልበል?» አለች። «ሁለታችሁም አባቶቼ አይደላችሁም ልበልና ይለቅ?»

«አንቺ!» አሉ እትዬ ሀጂራና በነጠላቸው ጫፍ ጀርባዋን መቱት። «ዝም በይ። ገድሉ፣ ያ ደንብህ ከስድስት በኋላ አያልቅም?»

«ሰባት አለ» አልሁ። «አባትና ልጅ እንደ አንድ አባል ይቆጠራሉ ይላል።»

«አባትና ልጅ ቢሆኑ፣ ሁለቱ ቅጽ አንድ ይሆናል?»

«አንድ ይሆናል።»

እትዬ ሀጂራ ባላቸውን አዩ፣ አምሐን አዩ፤ ገበያ ላይ ዶሮ እንደሚመርጥ ሰው። «እንግዲያው አምሐን የጡት ልጅ እናድርገዋ!»

የጡት ልጅ በእኛ አገር ጨዋታ አይደለም። ልጅ የሚያደርገው ሰው አውራ ጣቱን ማር ይነክራል፤ ልጅ የሚሆነው ሰው በምስክር ፊት ጣቱን ይጠባል። ከዚያ በኋላ ልጅ ነው፤ ሰርግ ላይ ከልጆች ጋር ይቆማል፣ ለቅሶ ላይም ከልጆች ጋር ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የሚጠባው ግን ጥርስ ያላበቀለ ወይም ገና ጢም ያላወጣ ነው። አምሐ አምሳ ሰባት ዓመቱ ነው።

«እትዬ ሀጂራ፣ ጢሜ ሸብቷል» አለ።

«እላጭልሃለሁ።»

«እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን።»

«ማር ማን አረደው?» አሉ ጋሽ አብዱልከሪም። ነገሩ እየጣማቸው ሄዶ ነበር። «ሥጋችን አይገናኝም እንጂ ንብ ሃይማኖት አትጠይቅም። የጡት ዝምድና በእኛም ዘንድ አለ። ውርስ ብቻ የለውም።»

«ጀልባዎን አልፈልግም።»

«እንዲህ ያለ ልጅ ነው የምፈልግ» አሉ ወደ ኃይለ ገብርኤል ዞረው።

ኃይለ ገብርኤል ደንቡን ወሰደና አንቀጽ ሰባትን ለብቻው አነበበ። አንቀጹ ስለ አባትና ልጅ ይናገራል እንጂ ከመቼ ጀምሮ አባትና ልጅ እንደሆኑ አይናገርም። «ያስኬዳል» አለ። «ማሩ ይምጣ።»

እትዬ ሀጂራ በሲኒ ይዘው ተመለሱ። ጋሽ አብዱልከሪም አውራ ጣታቸውን አዘጋጁ። አምሐ ከመቀመጫው አልተነሣም።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለ።

ረቡዕ ነው። አምሐ የመነኮሳት ጀልባ የሚነዳ ሰው ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስ።

«ማር እኮ ጾም አያስገድፍም!» አለች ርሆቦት።

«አያስገድፍም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን።»

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። ኃይለ ገብርኤል ሊቆጣ አሰበና ተወው፤ ራሱም ጾመኛ ነው። «ስብሰባው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀጥሏል» ብሎ አወጀ፣ ለቃለ ጉባኤው እንዲመች። ስለዚህ ቀጠልን። ጋሽ አብዱልከሪም ሄደው ሰግደው መጡ። ሲኒው ላይ ንብ እንዳይገባ እኔ በመዝገቡ ከደንሁት። ዓሣ ሻጮቹ አንድም ዓሣ ሳይሸጡ ተቀመጡ። ርሆቦት በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ትናገራለች፤ አምሐም በየአምስት ደቂቃው «አውቃለሁ» ይላል።

ጋሽ አብዱልከሪም ግን ጊዜ ማባከን አይወዱም። በስምንት ሰዓት ላይ «አምሐ ልጄ፣ እስኪ ያችን መጋዝ አቀብለኝ» አሉ።

«ገና ነኝ» አለ አምሐ።

«ልለማመድ ብዬ ነው።»

አቀበላቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ (ሁለቷን ደቂቃ የጨመረው አምሐ ነው፤ የኃይለ ገብርኤል ሰዓት ይቀድማል ብሎ) ሁሉም ቆመ። ጋሽ አብዱልከሪም አውራ ጣታቸውን እስከ አንጓው ሲኒው ውስጥ ነከሩት። ስንጥቅ ሲደፍን አርባ ዓመት የኖረ ጣት ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ መቅዘፊያ እጀታ። አምሐ አማተበ። ጎንበስ ብሎ ጠባ።

ሐይቁ ላይ አንድ ሞተር ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ አምሐ ቀና አለ። ፊቱን አጨማደደ።

«ሙጫ ሙጫ ይላል።»

«የአባት ጣት ነው። ዋጥ!» አሉ ጋሽ አብዱልከሪም። በሌላው እጃቸው አምሐን ራሱን ያዙት፣ ቆቡን አውልቀው ግንባሩን ሳሙት። ቆቡን መልሰው ሲያደርጉለት ገለበጡት፤ አምሐ አላስተካከለውም። እትዬ ሀጂራ እልልታውን ለቀቁት። ዓሣ ሻጮቹ ተቀበሏቸው፣ ከወዲያ ማዶ ያሉ ቀዛፊዎችም ምንነቱን ሳያውቁ ተቀበሉ።

ኃይለ ገብርኤል አዲስ ደብዳቤ አስጻፈኝ፦ አባል፣ አብዱልከሪምና ልጁ አምሐ፤ ጥገኛ፣ ርሆቦት። ማህተሙን ሲያሳርፍ ዋርካው ሥር ያለው ጠረጴዛ ተንገዳገደ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ እኔ፣ ርሆቦትና አምሐ በባጃጅ ወጣን። ባጃጁ ለሦስት ነው፤ እትዬ ሀጂራ አራተኛ ሆነው ጭናችን ላይ ገቡ። ኮሌጁ ከአባይ ድልድይ ማዶ ነው። ድልድዩ ላይ አንድ ሲኖትራክ ቆሞ አገኘን። ርሆቦት ደብዳቤውን ደረቷ ላይ ይዛ ወረደችና ሮጠች። አምሐ ተከትሎ ሮጠ። እኔና እትዬ ሀጂራ ሲኖትራኩ እስኪነሣ ሹፌሩን ሰደብን።

ስንደርስ ገንዘብ ቤቱ መስኮት ላይ የተሰቀለው ሰዓት አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል። ውስጥ ያለችው ሴት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች።

«አብዱልከሪም ማን ነው?»

«አባቴ ነው» አለ አምሐ፣ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ።

ሴትዮዋ የአምሐን ሽበት አየች፣ አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ አየች፣ የተገለበጠ ቆቡን አየች። የምትጠይቀው ብዙ ነገር ነበራት። ግን አሥር ሰዓት ከሃያ ሦስት ሆኗልና፣ እሷም ወደ ቤቷ መሄድ ትፈልግ ነበርና፣ ደረሰኙን ቆረጠች። ርሆቦት ደረሰኙን ይዛ መጀመሪያ አምሐን፣ ቀጥላ እትዬ ሀጂራን፣ በስሕተት ደግሞ ወረፋ ላይ የነበረ የማታውቀውን ልጅ አቀፈች።

ወደቡ ስንመለስ ጋሽ አብዱልከሪም ዋርካው ሥር ከተውንበት አልተነቃነቁም። ርሆቦት ደረሰኙን ለአምሐ ሰጠችው። አምሐ አገላብጦ አየውና በሁለት እጁ ይዞ፣ ዝቅ ብሎ ለሽማግሌው አቀበላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ኮፍያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ተመዘገበች?»

«ተመዘገበች፣ አባቴ።»

«የልጅ ልጄ ናታ አሁን» አሉ፤ ይህን ያሰቡት ገና ያን ጊዜ ነበር። ርሆቦትን ትክ ብለው አዩዋት። «እንግዲያው ጠዋት ቀስቅሱኝ እያልሽ አያትሽን አታስቸግሪ።» ከዚያ ወደ አምሐ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ነገ በጠዋት ና። ያች ጀልባ ሙጫ ይቀራታል። አባትህን ወገቡን ያመዋል።»

አምሐ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠጋ። «ገድሉ፣ ይኼ ነገር ርሆቦት ስትመረቅ ያበቃል አይደል?»

«ደንቡን አያለሁ» አልሁ።

«ምን ታያለህ?» አሉ እትዬ ሀጂራ፣ የሲኒውን ትራፊ በጣታቸው እየጠረጉ። «ማር አይበላሽም።»

በማግሥቱ ጠዋት ቲኬት ቤቱን ልከፍት ስሄድ የጋሽ አብዱልከሪም ጀልባ ዳር ላይ ተገልብጣለች። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ይጠጣሉ፤ በአውራ ጣታቸው የቀረውን ስንጥቅ ያሳያሉ። ከጀልባዋ ሥር ሁለት እግር ወጥቷል። በጫማው አወቅሁት።

«አምሐ፣ ደህና አደርህ? ምን ሆነህ ነው እዚያ ሥር?»

«ጥገኛ ሆኜ ነዋ» አለኝ፣ ብሩሹን ሳያስቀምጥ።